ዴስክቶፕ ላይ የነበረው የሕይወት ታሪክ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ስልኬ አላረፈም፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ይብስበታል። «አቶ ማቴዎስ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ» ይሉኛል፣ ሄጄ ብብቱን ይዤ የማቆመው ይመስል። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማብሪያውን ስንት ጊዜ ተጫናችሁት? ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ ቢሮው በሙሉ ተራ በተራ ተጭኖታል ማለት ነው። ዘበኛውም ሳይሞክር አይቀርም።

ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። የራሴን የሥራ ዘመን ላውራ ብል የእሳቸውን ማውራቴ አይቀርም፤ እጄ የእሳቸው እጅ ነው። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ፣ ደግሞም ዛሬም ደስ የሚለኝ አንዱ ሥራ ለእሳቸው የሠራሁት ነው። እሳቸው ግን አላዩትም።

ሥራ የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው። ሶዶ፣ ከዚያም ዲላ፣ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ የላላ ፊደል አጠብቃለሁ፣ ሪባን እቀይራለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ። ደመወዙ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እሱን ማውራት ያደክማል። ወደ ሐዋሳ ስዛወር የአንድ ቢሮ ጥገና ክፍል ውስጥ ተመደብኩ። ጥገና ክፍል የሚባለው ከመጋዘኑ ጎን ያለች ጠባብ ክፍልና ጋሽ መኮንን ነበሩ። ሌላ ሠራተኛ አልነበረም።

ጋሽ መኮንን የወሎ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ። ኮምፒውተር ወደ ቢሯችን ሲመጣ ብዙዎቹ የጽሕፈት መኪና ሰዎች አኩርፈው ነበር፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን ወልውለው መመሪያውን ማንበብ ጀመሩ። እንግሊዝኛው ሲከብዳቸው አንድ መስመር ላይ ግማሽ ቀን ይቆያሉ። እኔን ደግሞ አጠገባቸው አስቀምጠው ያነበቡትን ያስረዱኛል። ለእኔ ሳያስረዱ ገባኝ አይሉም ነበር።

የተበላሸ ኮምፒውተር ሲመጣላቸው መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ብረት በመዳፋቸው ይነኩና ትንሽ ይቆያሉ፤ በሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው ነው። የማያውቅ ሰው ሲያያቸው የሚባርኩት ይመስለዋል። ሰነዱ የሚከማችበት ዲስክ ይዞር እንደሆነ ሊሰሙ ሲፈልጉ የጠመንጃ መፍቻውን ጫፍ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። እየዞረ ዝም ካለ ደህና ነው፤ ጠቅ ጠቅ ካለ ወዲያው ያጠፉታል። «አንዴ ከተንኳኳ በቃ፤ ሁለተኛ ብታስነሳው ያለውን ሁሉ ይፍቅብሃል» ይሉ ነበር።

ከዚያም ባለቤቱን አስቀምጠው «ምን አለበት? ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ምን ሆነ ብለው አይጠይቁም፤ ምን እንደሆነማ ራሱ ዕቃው ይናገራል። ማን እንደሚጠብቀው ካወቁ በኋላ ነው ጠመንጃ መፍቻቸውን የሚያነሱት።

ከአለቆቻችን አንዱ ባለቤታቸው የሠሩትን የዳንቴል ልብስ ኮምፒውተራቸው ላይ ያለብሱ ነበር። ሲሠሩም አያነሱትም። በየሳምንቱ ኮምፒውተሩ እየጋለ ይጠፋል፤ እኛም እንጠራለን። ዳንቴሉን ያንሱ ማለት ደግሞ እመቤቲቱን መንካት ነው። አንድ ቀን ጋሽ መኮንን ዳንቴሉን በክብር አጣጥፈው፣ ይህን የእጅ ሥራ የኮምፒውተሩ ሙቀት እያጠቆረው ስለሆነ ያሳዝናል፣ ሶፋው ላይ ቢሆን ይታያል አሏቸው። አለቃችን ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ አልታመመም፤ ጋሽ መኮንንም ከዚያ ቢሮ ሲወጡ ብቻ ነው የሳቁት።

ሁልጊዜ ግን አይሳካልንም ነበር። የአንዲት የኮሌጅ መምህርት ዲስክ ለዓመታት የደከመችበትን ጥናት እንደያዘ ሞተ። ያለንን ሁሉ ሞከርን፤ አልሆነም። እኔ ስልክ ደውዬ ልንገራት ስል ጋሽ መኮንን ከለከሉኝ። ቤቷ ድረስ ሄድን። ተቀመጡ ብትለንም እሳቸው ቆመው «አልተገኘም» አሏት። ይቅርታ ብሎ ነገር ማዞር የለም፣ በዲስኩ ማሳበብ የለም። ከነገሯት በኋላ ግን ተቀመጡና ስታለቅስ አብረዋት ቆዩ። መጥፎውን ነገር ቆመህ ተናገር፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ስማ የሚል ሥርዓት ነበራቸው።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ክፍሏን እኔ ተረከብኩ። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ከዚያ መናኸሪያ አካባቢ ያለው የእድራቸው ቤት ይገባሉ። እድሩ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በስጦታ አግኝቶ ነበርና የአባላቱን መዝገብ እሳቸው አደራጁለት። በእድሩ ሥራ ውስጥ ግን አንድ የማይዋጥላቸው ነገር ነበር፤ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ። ሟቹ ማንም ይሁን ማን «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሁሉ ጋር ተግባቢ ነበሩ» ይባላል። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ዳንጊሶ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ እየቀየረ ያትመዋል። ጋሽ መኮንን «ሁላችንም አንድ ሰው ሆነን ነው የምንቀበረው» ይሉ ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። ቤታቸው ኮምፒውተር ስላልነበረ በእድሩ ላይ፣ ሥራ ከሌለ ሰዓት፣ ቀስ እያሉ።

እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አረፉ። ማታ ራሳቸውን አሟቸው፣ ጠዋት አልተነሱም።

ድንኳኑ ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። የሲዳማ ልጅ ናቸው፤ ወሬ አያበዙም። ጎንበስ ብዬ ሳጽናናቸው ክንዴን ይዘው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ማቴዎስ፣ የሚነበበው ወረቀት አልመጣም። ዳንጊሶ የሆነ ነገር እየደበቀኝ ነው።»

አቶ ዳንጊሶን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘሁት። ላብ አጥምቆታል። ጠዋት የጋሽ መኮንንን ጽሑፍ ሊያትም ኮምፒውተሩን ሲከፍት ጥቁር ሆኖ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ቆመበት። ተጫነው፣ አጠፋው፣ ደግሞ ተጫነው። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። ደንግጦ ኮምፒውተሩን ባጃጅ ላይ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፒያሳ ወሰደው። እዚያ ያለችው ባለሙያ ፎርማት አደረገችለት። አሁን እንደ አዲስ ይከፈታል፤ ባዶውን።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በከተማችን አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ እንደ ድሮው ሐኪም ቤት የራስ ምታቱም የሆድ ቁርጠቱም አንድ ዓይነት ክኒን ይሰጠዋል። ዲስኩ ሁለት ክፍል እንዳለው ቤት ነው። ፎርማት የሚደረገው ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም ያለበት የፊተኛው ክፍል ሲሆን የኋለኛው አይነካም። ሰው ግን ሰነዱን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ፣ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ላይ ነው። ዓይኑ የሚያየው ስለሆነ የማይጠፋ ይመስለዋል። ዴስክቶፕ ደግሞ የፊተኛው ክፍል ዕቃ ነው። ክፍሉ ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል።

ይህን ለሰው ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩት ጋሽ መኮንን እንዴት ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጡ? አቶ ዳንጊሶን ስጠይቀው እንባው መጣ። የእድሩን መዝገብ በሙሉ በኋለኛው ክፍል አስቀምጠው ነበር፤ እሱ አንድም አልጠፋም። የራሳቸውን ጽሑፍ ግን እዚያ ማስቀመጥ እንቢ አሉ። ያ ቦታ የእድሩ ንብረት ነው፣ የእኔ የግል ጉዳይ ከሕዝብ ንብረት ጋር አይቀላቀልም አሉት። ፍላሽ ላይስ ቢገለብጡት? ሳያልቅ አይገለበጥም ብለው ነበር። ታማኝነታቸው ጎዳቸው ልበል?

ወደ እትዬ አስካለ ተመልሼ የሆነውን ነገርኳቸው። አላለቀሱም።

«ለእኔ እንኳ አላነበበልኝም፤ ቆይ ሲያልቅ ይለኝ ነበር» አሉ። «የሰው ቃል ለብሶ መቀበር አይወድም። የራሱን ቃል አምጣልኝ።»

ኮምፒውተሩን ይዤ ፒያሳ ስደርስ፣ ፎርማት ያደረገችው ባለሱቅ ብርቱካን አቶ ዳንጊሶ ደውሎላት ኖሮ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ጥገና በአንድ ክፍል የምትሠራ ጎልማሳ ሴት ናት። ልቆጣት መስሏት ቀድማ ራሷን መከላከል ጀመረች። የኋለኛውን ክፍል አልነካሁም፣ ሰነዱ የት ነው ብዬ አቶ ዳንጊሶን ጠይቄው ነበር፣ ፊት ለፊት ነው ሲከፈት ታዪዋለሽ አለኝ፣ ቶሎ በይ ብሎ ቆመብኝ አለች። እውነቷን ነው። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር። የማን ሰነድ እንደሆነና ማን እንደሚጠብቀው ስነግራት ግን ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያም ተነሥታ የሱቋን በር ገርበብ አደረገችና ደንበኞቿን ነገ ኑ አለቻቸው።

ዲስኩን አወጣንና ከእሷ ኮምፒውተር ጋር አያያዝነው። እሷ በቀጥታ እንፈልግ አለች። ጊዜም አልነበረንም። እኔ ግን መጀመሪያ ዲስኩ እንዳለ መገልበጥ አለበት አልኩ። ጋሽ መኮንን በዋናው ላይ አትሥራ ይሉ ነበር፤ ፍለጋው ራሱ ሊያበላሸው ይችላል። መገልበጡ ቀስ ይላል፤ አሮጌ ዲስክ እንደ ሽማግሌ ነው፣ እየቆመ እየተነፈሰ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ለጥቂት ደቂቃ የሚይዘው መጠባበቂያ ባትሪ ሲጮኽ ብርቱካን ሮጣ ጎረቤት ካለው ካፌ ጄኔሬተር ገመድ ስባ መጣች። ካፌው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ለቀብር ነው ስትላቸው ጠረጴዛ እያነሳ ገመዱን አሳለፈላት።

ቅጂው ካለቀ በኋላ ፍለጋውን ለቀቅነው። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ ጽሑፉ ወዲያው አይጠፋም፤ አድራሻው ነው የሚፋቀው። አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ፍርስራሹ እዚያው አለ። ችግሩ ብርቱካን አዲስ ሲስተም ጭናበታለች፤ ምን ላይ እንደተጫነ የሚያውቅ የለም። ስም የሌላቸው ፋይሎች መውጣት ጀመሩ። አንዱን ከፈትን። ነጥብ፣ ቅንፍ፣ የተሰባበረ የፈረንጅ ፊደል፣ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

«ተበላሽቷል» አለች ብርቱካን። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ሰዓቴን አየሁና የእድሩ ሰዎች የተለመደውን እንዲያትሙ ልደውል ስልኬን አወጣሁ።

ስልኩን እንደያዝኩ ግን ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ቀረ። ዝብርቅርቁ ሥርዓት ነበረው። አንቀጽ አለው። ቃላቱ መካከል ክፍተት አለ። በየጥቂቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ምልክት ይመጣል፣ ከሱ በኋላ ሁልጊዜ ክፍተት። የተበላሸ ነገር እንዲህ አይደጋገምም። ያ ምልክት አራት ነጥብ ነበር።

ጋሽ መኮንን ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መጻፍ የለመዱት በመጀመሪያው ዘመን መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ጣታቸው ያንን ስለለመደ አዲሱን እንቢ ብለው ነበር። በዚያ የተጻፈ ጽሑፍ የራሱ ፊደል፣ ፎንት የሚባለው፣ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የአማርኛ ዘር የለውም፤ ምልክት ብቻ ነው። አዲሱ ሲስተም ደግሞ አያውቀውም። ከእጃችን የጠፋው ጽሑፉ ሳይሆን ፊደሉ ነበር። ስንቱ ሰው ደህና ሰነድ ይዞ ተበላሽቷል ብሎ ጥሎት ይሆን?

የድሮውን ፊደል ከየት እናምጣ ስል ብርቱካን ወደ መሳቢያዋ ሄደች። አንድ አዛውንት ቄስ የድሮ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙ ሲመጡ ፊደሉን ከአዲስ አበባ አስልካ አስቀምጣው ኖሯል። ጫነችው። ፋይሉን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። አማርኛ ሆነ።

«እኔ መኮንን በወሎ ተወለድኩ። ልጅ ሆኜ የአባቴን ሰዓት ፈትቼ መግጠም ስላቃተኝ ተገርፌያለሁ። ከዚያ በኋላ የፈታሁትን ሁሉ ገጥሜያለሁ። ደግ ነበር እንዳትሉኝ፤ ደግነቴን ያየ ይበቃዋል፣ ያላየም በቀብሬ ቀን አይታለል።»

ብርቱካን እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሰውዬው እዚያ ነበሩ፣ ሸሚዛቸውን ቆልፈው። ወደ ታች እያወረድን አነበብን፤ ትምህርት ቤታቸው፣ የመጀመሪያዋ የጽሕፈት መኪና፣ ወደ ሐዋሳ የተዛወሩበት ዓመት። ገጹ ወደ ማለቂያው ደረሰና በድንገት ዝብርቅርቅ ሆነ። አሁን ግን እውነተኛው ብልሽት ነበር። አዲሱ ሲስተም የተጫነው እዚያ ላይ ነው። የቀረውን ቅጂ በሙሉ ፈለግን። የዘጠኝ ሰዓቱ ቀብር ደረሰብን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አልነበረም። ደስታዬ መሃል ላይ ተቆርጦ ቀረ። ጋሽ መኮንን በጻፉት ግማሽ እድሜ ላይ ለማንም የማያስፈልግ ፋይል ተኝቶበታል።

አትመን ስንሮጥ አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ አቶ ዳንጊሶ ወረቀቱን ተቀብሎ መጨረሻውን አየና ስክሪብቶ አወጣ። ዓረፍተ ነገሩ ተቆርጧል፣ እንዲህ ሆኖ አይነበብም፣ ትንሽ እንሙላበት አለ። ትዳር መሥርተው፣ ልጆች አፍርተው፣ ሰው አክባሪ... ለክፋት አልነበረም፤ ሟቹን ላለማሳፈር ነው።

«ያልተገኘ አይፈጠርም» አልኩት። «እኔና እሳቸው ይህን ለሰው አድርገን አናውቅም።»

ስክሪብቶውን መለሰ። እንግዲያው አንተ አንብበው አለኝ። እኔ ጴንጤ መሆኔን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ለማወቅ እትዬ አስካለን አየኋቸው፣ ወረቀቱን እጄ ላይ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እንደ ጋሽ መኮንን ሥርዓት ቢሆን መቆረጡን አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ጊዜ አልነበረም። ሙሉውን ያመጣሁ መስሏቸዋል።

ማንበብ ጀመርኩ። የአባታቸው ሰዓት ላይ ስደርስ ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ፤ የሳቀም ነበር። በቀብር ላይ ሰው በሟች ቃል ሲስቅ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። እኔ ግን ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር የተቆረጠው መስመር እየቀረበኝ ነው።

«ወደ አዋሳ ስዛወር ከተማው ትንሽ ነበር፤ ትንኙ ግን ብዙ ነበር። የምመለስበትን ቀን እቆጥር ነበር። በቢሮው ስልክ ማዞሪያ ክፍል ግን አንዲት»

ቆምኩ። ሰው እንድቀጥል ጠበቀ።

«ከዚህ በኋላ ያለው አልተገኘም» አልኩ።

ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አቶ ዳንጊሶ አንገቱን ደፋ። ብርቱካን ከኋላ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ደግሞ ዓይኔን ወደ እትዬ አስካለ ማንሳት አቃተኝ፤ የራሱን ቃል አምጣልኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ያመጣሁላቸው ደግሞ እሳቸው ጋ ሳይደርስ የሚቆም ቃል ነው።

ከሴቶቹ መካከል እንቅስቃሴ ሰማሁ። ባሏን የምትቀብር ሴት ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም፤ ሊይዟቸው የሞከሩ ነበሩ። እትዬ አስካለ እጆቹን ቀስ ብለው አስለቅቀው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ፣ የመጨረሻው ቃል ላይ ጣታቸውን አደረጉ።

«ያቺ አንዲት እኔ ነኝ» አሉ። «ከዚህ በኋላ ያለው እኔ ዘንድ ነው። የትም አልጠፋም።»

ብለውም ስልክ ማዞሪያ ክፍሉ ውስጥ ከተገናኙበት ቀን ጀምረው መናገር ያዙ፤ ካህናቱም ቆመው ሰሟቸው።